አሮጌዋ ዊንቸስተርና 64 ዓመት የዘገየው ክብረ ወሰን

ዕለቱ ኖቬምበር 20 ቀን 1914 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደች ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ዳንበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ግን የ22 ዓመቱ ጄምስ ጆርዳን የያዘው ሌላ ጉዳይ ነው። በረዶ ላይ የታተመ ኮቴ እየተከተለ ነው። ኮቴው የአጋዘን ነው። ግን ምን ዓይነት አጋዘን! ስፋቱ ሌሎቹን ዱካዎች ሁሉ ያሳንሳል።

እጁ ላይ ያለችው ጠመንጃ .25-20 የምትባለውን ትንሽ ጥይት የምትጎርስ ዊንቸስተር ናት። ጆርዳን በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያ ጠዋት ባቡር ሲያልፍ ያሰማው ፊሽካ ሣር ውስጥ የተኙትን አጋዘኖች አስነሳቸው። ትልቁ ወንድ ቀና ሲል ጆርዳን ተኮሰ። አጋዘኑ ሮጠ። ደገመ፣ ሰለሰ። አጋዘኑ አሁንም አልወደቀም። የደም ጠብታውንና ዱካውን እየተከተለ ወንዝ ዳር ሲደርስ የቀረችው አንድ ጥይት ብቻ መሆኗን አወቀ። አጋዘኑ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ሲወጣ ጆርዳን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አነጣጠረ። የመጨረሻዋን ጥይት ለቀቃት። አጋዘኑ ወደቀ።

በእግር ኳስ ቋንቋ ይህ በ90ኛው ደቂቃ የገባ ጎል ነው። ልዩነቱ የጆርዳን ጎል በመዝገብ ላይ በስሙ እስኪጻፍለት ድረስ 64 ዓመት መፍጀቱ ነው። ወደዚያ ታሪክ እንመለሳለን። ለጊዜው ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ዛሬ ከ300 ሜትር በላይ አነጣጥሮ የሚመታ፣ መነጽር የተገጠመለት ዘመናዊ ጠመንጃ በየሱቁ እያለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ለምን የአያቶቻቸውን ጠመንጃ ከግድግዳ አውርደው ጫካ ይገባሉ?

እጅ ወደ ታች፣ እጅ ወደ ላይ

የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ጠመንጃዋን ያውቃታል። ጆን ዌይን በ1939 በወጣው "ስቴጅኮች" ፊልም ላይ በአንድ እጁ አሽከርክሮ ያጎረሳት፣ ጄምስ ስቱዋርት በ1950 "ዊንቸስተር 73" በተባለው ፊልም ላይ የተሟሟተላት፣ እሷው ናት። ከምላጩ ሥር ጣቶች የሚገቡበት የብረት ቀለበት አላት። ይህ ማንሻ ወደ ታች ሲገፋ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ መዶሻውም ወደ ኋላ ተስቦ ይደገናል። ወደ ላይ ሲመለስ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። ቻክ-ቻክ! አለቀ። ተኳሹ ሰደፉን ከትከሻው፣ ዓይኑን ከዒላማው ሳያነሳ ለሁለተኛው ተኩስ ዝግጁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1860 ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ በሠራው ጠመንጃ ነው። የሄንሪ ጠመንጃ 16 ጥይት የሚይዝ ስለነበር፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አንድ ጥይት ተኩሶ እንደገና ለማጉረስ ከሚታገለው ወታደር ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነበር። ከዚያ ዊንቸስተር የተባለው ኩባንያ የ1866ን፣ የ1873ን፣ የ1886ን ሞዴሎች አከታተለ። እውነተኛው ኮከብ የመጣው ግን በ1894 ነው።

የዚህ ኮከብ አባት ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ይባላል። በዩታ ግዛት፣ ኦግደን ከተማ የተወለደ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ ነው። በመሣሪያ ንድፍ ዓለም እሱን ፔሌ ቢሉት ማጋነን አይሆንም። የ1894ቷን ሞዴል ነድፎ ለዊንቸስተር ሸጠላቸው። በ1895 ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመው .30-30 ጥይት ከእሷ ጋር ገበያ ላይ ዋለ። እስከዚያ ድረስ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ አዳኝ ከአንድ ተኩስ በኋላ የራሱ ጭስ ዓይኑን ይጋርደው ነበር። አዲሱ ጥይት ጭሱን አስቀረ፣ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ጠመንጃዋንም ቀለል አደረጋት። ክብደቷ ሦስት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

የቀረው ታሪክ ነው። ሚሊዮነኛዋ ጠመንጃ በ1927 ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በስጦታ ተሰጠች። ሁለት ሚሊዮነኛዋ በ1953 ለአይዘንሃወር ደረሰች። በጠቅላላው ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። አሜሪካ ውስጥ ከዚህች ጠመንጃ የበለጠ አጋዘን የጣለ የለም የሚሉ አዳኞች ብዙ ናቸው። ቆጥሮ ያረጋገጠ ባይኖርም ደፍሮ የሚከራከራቸው ጥቂት ነው።

ከጎል እስከ ጎል

እንግዲህ ውበቷ ምኑ ላይ ነው? የሚገርመው መልሱ ያለው ድክመቷ ላይ ነው።

የ.30-30 ጥይት አቅም በስታዲየም ቢለካ እንዲህ ነው። ከአንዱ ጎል እስከ ሌላኛው ጎል፣ ማለትም እስከ 105 ሜትር፣ አስተማማኝ ናት። አንድ ሜዳ ተኩል እስኪሆን ድረስም ጎበዝ ተኳሽ ይሠራባታል። ከ200 ሜትር ሲያልፍ ግን ጥይቷ እንደደከመ የግብ ጠባቂ ምት ወደ መሬት መውረድ ትጀምራለች። ዘመናዊዎቹ ጠመንጃዎች ሦስት ሜዳ ርቀው ሲመቱ እሷ እዚያ የለችም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የጥይቷ ቅርጽ ነው። በዊንቸስተሯ ውስጥ ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ነው። የኋላው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መቀመጫ ይነካል። ጫፉ ሹል ቢሆን ጠመንጃው ሲመታ የፊተኛውን ወግቶ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጥይቶቹ አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያለ ነው። ደፍጣጣ ደግሞ አየር ይይዘዋል፣ ቶሎም ይደክማል። በጃማይካ የተወለደው አርተር ሳቬጅ በ1899 ሞዴሉ ጥይቱን በሚሽከረከር መያዣ ውስጥ በማስቀመጥ ይህን ችግር አልፎታል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጫፋቸው ለስላሳ ላስቲክ መሰል የሆነ ሹል ጥይቶች ወጥተዋል። ቢሆንም የአሮጌዋ ወዳጆች ብዙዎቹ ያንን አይፈልጉም። የሚፈልጉት ወሰኑን ነው።

ወሰን ያለው ጠመንጃ የያዘ አዳኝ መቅረብ አለበት። ለመቅረብ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ማወቅ፣ የደረቀ ቅጠል ሳይረግጡ መራመድ፣ አጋዘኑ ሣር ሲግጥ መንቀሳቀስ፣ ቀና ሲል እንደ ግንድ መድረቅ ያስፈልጋል። በ300 ሜትር ላይ መነጽር የሚሠራውን ሥራ በ60 ሜትር ላይ እግር፣ ጆሮና ትዕግሥት ይሠሩታል። ከሠላሳ ሜትር ውጪ አክርሮ የሚመታ አማካይ አለ፤ ተከላካዮቹን አንድ በአንድ አልፎ ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ አጥቂም አለ። ሁለቱም ጎል ነው። ደጋፊው ለዓመታት የሚያወራው ግን ስለ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ሌላም አለ። የሰሜን ምሥራቅና የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አጋዘን የሚታየው በዛፎች መካከል ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ብልጭ ብሎ ነው። እዚያ ላይ ረጅምና ከባድ ጠመንጃ ሸክም ነው። አጭሯ፣ ጠፍጣፋዋ፣ በአንድ እጅ መሐሏን ጨብጠው ቀኑን ሙሉ የሚዞሩባት ዊንቸስተር ግን እንደ ዱላ ቀላል ናት። ስለዚህ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ለተሠራችበት ሜዳ አሁንም ትሠራለች።

የመክፈቻው ቀን

የአጋዘን አደን በአሜሪካ የግለሰብ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ በዓል ነው። በዊስኮንሲን የዘጠኝ ቀኑ የጠመንጃ አደን የሚጀመረው ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚያወጣው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። በሚሺጋን ቀኑ አይለወጥም፤ ኖቬምበር 15 ነው። በፔንሲልቫኒያ ከ1963 እስከ 2018 መክፈቻው ከምስጋና በዓል ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነበር፤ በብዙ አካባቢ ያን ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር። በ2019 ወደ ቅዳሜ ሲዞር የተነሳው ቅሬታ፣ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ከእሁድ ወደ ማክሰኞ ቢገፋ አዲስ አበባ ላይ የሚነሳውን ያህል ነው ማለት ይቻላል።

ዋዜማው ላይ አያት፣ አባትና ልጅ ጫካ ውስጥ ባለች የእንጨት ጎጆ ይሰበሰባሉ። ወጥ ይሠራል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ያለፈው ዓመት ወሬ በእጥፍ ተባዝቶ ይወራል። አሮጌዋ ጠመንጃም ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ሰደፏ ላይ ያለው ጭረት መቼና የት እንደተጫረ ይተረካል። ልጁ የመጀመሪያ አጋዘኑን የሚጥለው ብዙ ጊዜ አያቱ የመጀመሪያውን በጣለበት ጠመንጃ ነው። ይህን ዘመናዊ ጠመንጃ ከሱቅ ገዝቶ ማግኘት አይቻልም። ሥጋው ደግሞ አይጣልም። ግማሹ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ ግማሹ የእኛን ቋንጣ በሚመስል መልኩ ይደርቃል፣ ለችግረኞች የሚለግስም ብዙ ነው።

ለበንን ለሚያውቅ

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ አይደለም። የ.30-30 ጥይት አሜሪካ ገበያ ላይ በዋለ ማግስት፣ በእኛ የካቲት 1888 ዓ.ም፣ አድዋ ላይ ውጅግራ ሲያጓራ ነበር። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራስ ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊሸር፣ ለበን ደግሞ የፈረንሳዩ ሌበል ነው። ለበንም ልክ እንደ ዊንቸስተሯ ጥይቶቹን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ የሚይዝ ጠመንጃ ነበር። አባት ለልጅ ምንሽር ሲያወርስ ብረት ብቻ አላወረሰም። ስም፣ ፉከራና አደራ ጭምር ነው ያወረሰው። የዊስኮንሲን ገበሬ ልጅም አያቱ የተሸከማትን ዊንቸስተር ሲቀበል የሚሰማው ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስልም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። እኛ "አጋዘን" የምንለው፣ የባሌውን የደጋ አጋዘን ጨምሮ፣ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከም እንስሳ ነው። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት ዘሩ ሌላ ነው። የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። የዚያ ቀንድ ትልቅነት፣ የቅርንጫፎቹ ርዝመትና የግራና የቀኙ መመጣጠን በኢንች ተለክቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ክብረ ወሰን የሚባለው ይህ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለው ክለብ ሲሆን፣ በ1887 ከመሠረቱት መካከል ዋነኛው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። የዊንቸስተር ቀንደኛ ደጋፊም ነበር።

የቆሰለው አጋዘን

ሁሉም ነገር ግን ውበት ብቻ አይደለም። የጆርዳንን ታሪክ ደግሞ ማየት ነው። አጋዘኑ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ቆስሎ ሮጧል። አንድ ጥይት ባይቀር ኖሮ ወንዙን ተሻግሮ ጫካ ውስጥ ለብቻው በሞተ ነበር። .25-20 ዛሬ ለአጋዘን የማትበቃ ጥይት ተደርጋ ነው የምትታየው። የአሮጌ ጠመንጃ ፍቅር እንስሳውን የሚያሰቃይ ከሆነ ፍቅሩ ምን ዋጋ አለው? ተቺዎች የሚያነሱት ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄውም እውነት አለው።

ቁም ነገረኞቹ አዳኞች መልሳቸው አጭር ነው፤ "አለመተኮስንም መቻል አለብህ" የሚል። በ.30-30 የሚያድን ሰው 180 ሜትር ላይ የቆመ ባለ ትልቅ ቀንድ ቢያይ፣ ልቡ እየዘለለ እንኳ ጠመንጃውን ዝቅ ማድረግ አለበት። በባዶ ዓይን በብረት ዒላማ የሚያነጣጥር፣ ዕድሜው ሃምሳ ያለፈ ሰው ደግሞ ርቀቱን የበለጠ ማሳጠር ይኖርበታል። ማንሻዋ በፍጥነት ታጎርሳለች ማለት አከታትሎ መርጨት ማለት አይደለም። ሁለተኛዋ ጥይት የመጀመሪያዋ ስህተት ከሠራች ብቻ ስቃዩን ለማሳጠር ናት።

ያለገደብ መተኮስ ምን እንደሚያስከትል አሜሪካኖች በራሳቸው ላይ አይተውታል። በ1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀረው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ይገመታል። ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ጨርሰውት ነበር። በዚያው ዓመት ሌሲ የተባለው ሕግ በሕገወጥ መንገድ የታደነ እንስሳ ከግዛት ግዛት እንዳይሸጥ ከለከለ። በ1937 ደግሞ ፒትማን-ሮበርትሰን የተባለው ሕግ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚገኘው የ11 በመቶ ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። ዛሬ ቁጥሩ 30 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። አዳኙ ለእያንዳንዷ ጥይት ሲከፍል ለአጋዘኑም እየከፈለ ነው ማለት ነው።

ፋብሪካው ሲዘጋ

የዊንቸስተር አፍቃሪዎች ሁለት ጊዜ አዝነዋል። የመጀመሪያው በ1964 ነው። ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ሲል በጥንቃቄ ከብረት ተቀርጸው ይሠሩ የነበሩ ክፍሎችን በርካሽ በሚወጡ ተካቸው። ከዚያ ወዲህ "ከ64 በፊት" የምትለው ቃል በገበያው ላይ እንደ ማህተም ሆነች። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። በማርች 2006 በኮኔክቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ያለው ፋብሪካ ተዘጋ። ከ1866 ጀምሮ የዊንቸስተርን ስም ይዞ የኖረ ኩባንያ የትውልድ ደጁን ዘጋ። የአሮጌዎቹ ዋጋ ወዲያው ሰማይ ነካ። በ2010 ሞዴሏ ተመልሳ ስትመጣ የምትሠራው ጃፓን ውስጥ፣ ሚሮኩ በተባለ ፋብሪካ ነበር። ሥራው ጥሩ እንደሆነ ብዙዎች ይመሰክራሉ። ነገር ግን ክለቡ ሲሸጥ ማሊያው ያው ሆኖ ደጋፊው ልቡ እንደሚሰበረው ሁሉ፣ የኒው ሄቨንን ማህተም የሚፈልግ ሰው በሌላ አይጽናናም። ተፎካካሪዋ ማርሊንም ባለቤቱ ሬሚንግተን በ2020 ሲከስር ተሽጣ ለሩገር ኩባንያ ደረሰች። በ1948 የወጣችው ታዋቂዋ ማርሊን 336 በ2023 እንደገና መመረት ጀምራለች። ገዢ ባይኖር ኖሮ ማንም አይሠራትም ነበር።

ስሙ የተመለሰለት ሰው

አሁን ወደ ጆርዳን። አጋዘኑን ከጣለ በኋላ ራሱን አድርቆ ለግድግዳ ጌጥ እንዲያዘጋጅለት በአምስት ዶላር ለአንድ ባለሙያ ሰጠው። ባለሙያው አካባቢውን ለቅቆ ሄደ። ቀንዱም አብሮ ጠፋ። ጆርዳን ያን ቀንድ ለአሥርታት አላየውም። ሰው ሲጠይቀው ይናገራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ጎሉን ያየ ዳኛ የለም፣ ካሜራም የለም።

በ1960ዎቹ፣ በጎረቤት ሚኒሶታ፣ ሳንድስቶን በምትባል ከተማ አንድ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ አቧራ የለበሰ የአጋዘን ቀንድ በሦስት ዶላር ገዛ። ሲለካ ጉድ ተባለ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተገኘ። ጆርዳን ቀንዱን ሲያየው "ይህ የኔ ነው" አለ። ማን ይመነው? ቀንዱ በመዝገቡ ላይ በ206 ከ1/8 ነጥብ ሲሰፍር፣ የአዳኙ ስም ቦታ ላይ የተጻፈው "ያልታወቀ" የሚል ነበር። ቦታውም ሚኒሶታ ተባለ።

ሽማግሌው ግን አልተወውም። ሌሎችም ተከራከሩለት። በመጨረሻ ክለቡ ጉዳዩን መርምሮ አዳኙ ጄምስ ጆርዳን፣ ቦታው ዳንበሪ ዊስኮንሲን፣ ዓመቱ 1914 ነው ሲል አጸደቀ። ጊዜው ዲሴምበር 1978 ነው። ጆርዳን ይህን አልሰማም። ከሁለት ወር በፊት፣ በጥቅምት፣ በ86 ዓመቱ አርፎ ነበር።

ክብረ ወሰኑ እስከ 1993 ቆየ። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ በካናዳ፣ ሳስካችዋን፣ ቢጋር አካባቢ ሚሎ ሃንሰን የተባለ ገበሬ 213 ከ5/8 ነጥብ ያለው አጋዘን ጣለ። በእጁ የነበረችውም ባለ ማንሻ ናት፤ ዊንቸስተር ሞዴል 88። መነጽር የተገጠመላት፣ ጥይቷም ከጆርዳን ጋር የማይወዳደር ጉልበት ያላት ብትሆንም፣ እጅ ወደ ታች እጅ ወደ ላይ የሚለው ነገር ግን ያው ነው።

ጆርዳን ሽልማት አልበላም፣ ዋንጫም አላነሳም። ለመዝገቡ ያቀረበው ብቸኛ ምስክር የራሱ ቃል ነበር፤ በዚያች በረዷማ ጠዋት አንዲት ትንሽ ዊንቸስተር፣ አንድ ወንዝና አንዲት የቀረች ጥይት እንደነበሩት። በየኖቬምበሩ አሮጌ ጠመንጃቸውን ይዘው ዊስኮንሲን ጫካ የሚገቡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ያን የሚያህል ቀንድ በሕልማቸውም አያዩም። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጠመንጃዋን ግን ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው፣ ለሚቀጥለው ዓመት መልሰው ይሰቅሏታል።